ሪማ አርካድዬቭና የሰማዩን ስንቅ ስትጭን

ሪማ አርካድዬቭና ሰው ስታይ መጀመሪያ የሚታያት ክብደቱ ነው። መልኩ፣ ልብሱ፣ ማዕረጉ ኋላ ይደርሳል። አንድ ጊዜ የባልደረባዋ ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽራው ሊጨብጣት ጠጋ ሲል ከራሱ እስከ እግሩ ቃኘችውና፣ ገና እንኳን ደስ አለህ ሳትለው፣ «ሰማንያ ሦስት፣ ከነጫማው» አለችው። ሙሽራይቱ ወደ ሚዜዋ ዘንበል ብላ፣ «ሴትዮዋ ሠርግ ነው የመጣችው ወይስ ከብት ተራ?» ብላ ጠየቀች ይባላል።

ይህ ጠባይ ከመሬት ተነስቶ አልያዛትም። ያደገችው በጦርነቱ ዘመን፣ ወላጅ አልባ ልጆች በሚያድጉበት ቤት ነው። እዚያ ዳቦ የሚታደለው በሚዛን ስለነበረ፣ ልጆቹ ሁሉ ከፊደል በፊት የሚዛን ምላስ ማንበብ ተምረዋል። ሌሎቹ ሲያድጉ ረሱት፤ ሪማ ግን እንጀራዋ ሆነ። ኢንጂነሪንግ ተማረች፤ ከሞስኮ ወጣ ብሎ ጥድ ጫካ ውስጥ ካለው መሥሪያ ቤት ተቀጠረች፤ እዚያም ወደ ጠፈር ጣቢያ በምትሄደው መንኮራኩር ላይ ምን ይጫን፣ ምን ይቅር፣ የቱ ዕቃ የት ይቀመጥ የሚለውን የምታቅድ ሆና አረጀች። ማለት፣ አምሳን አለፈች።

ባሏም የሄደው በዚሁ በሚዛን ጉዳይ ነው። «ከአንቺ ጋር መኖር ጉምሩክ ላይ እንደ መኖር ነው» ብሎ ሻንጣውን አንጠለጠለ። ሪማ አላለመነችውም፣ አልሰደበችውም። ሻንጣውን ግን ሳታስበው በዓይኗ መዘነችው፤ ቀላል ነበር። የዚያን ያህል ዘመን ትዳር ይዞት የሚወጣ ነገር እንዲያ መቅለሉ ነው ያስለቀሳት።

እንግዲህ ሰዉ እርስ በርሱ ጓድ መባባሉን ገና ባልተወበት በዚያ ዘመን፣ አንድ የጸደይ ወራት ላይ ጉድ መጣ። ሰው አልባዋ የጭነት መንኮራኩር ለጣቢያው ስንቅ ይዛ ወጥታ፣ ደጃፉ ድረስ ደርሳ፣ አልገጥምም ብላ ውቅያኖስ ውስጥ ገባች። ጣቢያው ላይ ሁለት ሰዎች ስንቅ ይጠብቃሉ። አዛዡ ፕላቶን ይባላል፤ ኢንጂነሩ ደግሞ ኢግናት። ሌላ የጭነት መንኮራኩር እስኪሰናዳ ወራት ሊያልፍ ነው። ስለዚህ ተመከረና፣ ሊጎበኟቸው የሚሄዱት ሁለት ጠፈርተኞች ስንቁን ይዘው ይሂዱ፤ ሦስተኛው ወንበር ተነቅሎ ቦታው ጭነት ይሁን ተባለ።

ችግሩ የስንቅ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሁለቱ የጣቢያው ሰዎች ተኳርፈዋል። ምክንያቱ ሰናፍጭ ነው። የመጨረሻዋን የሰናፍጭ ቱቦ ኢግናት ብቻውን ጨረሳት፤ ፕላቶን ደግሞ ለልደቱ ደብቆ ያስቀመጣት ኖሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዱ ለሌላው ቃል አይተነፍስም። ሁሉም ነገር በምድር በኩል ሆነ።

«ምድር፣ ለኢግናት ንገሩልኝ፤ መፍቻውን ያቀብለኝ» ይላል ፕላቶን።

ኢግናት አጠገቡ ተንሳፍፎ፣ «ምድር፣ ለአዛዡ ንገሩልኝ፤ መፍቻው ከጭንቅላቱ ኋላ ነው» ብሎ ይመልሳል።

ምድርም፣ ያ ሁሉ ምሁርና መኮንን በተሰበሰበበት አዳራሽ፣ በሽማግሌ ደንብ ሲያመላልስ ይውላል። አንድ ነገር ብቻ ነበር ሁለቱን የሚያስማማቸው። ምን ይላክላችሁ ተብለው ለየብቻ ሲጠየቁ ሁለቱም አንድ ቃል መለሱ፤ በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር።

የጭነቱ ስብሰባ በሪማ አለቃ በቪሳሪዮን ሉኪች ቢሮ ተጠራ። ቪሳሪዮን ሉኪች ራሰ በራ ነው፤ ጨጓራው ስለሚያመው በስብሰባ መካከል ወተት ይጠጣል። የዚያን ቀን ወተቱ አልበቃውም። የሥነ ሕይወት ሰዎች የድርጭት እንቁላል ይሂድልን አሉ። የቴሌቪዥን ሰዎች በግ የሚያህል ካሜራ ይዘው መጡ። ከላይ ከሚኒስቴር ደግሞ ለጣቢያው ጀግኖች የተዘጋጀ ነው የተባለ የክብር ሰሌዳ መጥቶ ጠረጴዛው መሀል ተጋድሟል። ከነሐስ የተሠራ ነው፤ ጠረጴዛውን ያንቋቋል።

«ድርጭት ይቅር» አለች ሪማ። «ካሜራ ይቅር፤ እዚያ አንድ አለ።»

«ሰሌዳውስ?» አለ አንዱ ሞኝ።

ሁሉም ወደ ጣሪያው አየ። የሚኒስቴርን ነሐስ አውርዱ ብሎ አፉን የሚከፍት ማን አለ? ቪሳሪዮን ሉኪች ወተቱን ፉት ብሎ ወደ ሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ። ሪማም ዝም አለች፤ ጡረታ የምትጠብቅ ሴት ናት።

በዚያው ሳምንት ጠፈርተኞቹ ተመዘኑ። አንደኛው እንደተጠበቀው ሆነ። ሁለተኛው ሮዲዮን የሚባለው ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ግን የሚዛኑ ምላስ አልፋ ሄደች። ሦስት ኪሎ ጨምሯል።

«ሮዲዮን» አለች ሪማ፣ «ምን ዋጥክ?»

ሮዲዮን የጦር አውሮፕላን ያበረረ፣ ሞትን ከነጥርሱ ያየ ሰው ነው። እንደ ተማሪ አንገቱን ደፋ። «አማቴ መጥተዋል፣ ሪማ አርካድዬቭና።»

«እና?»

«ከቮሎግዳ ገጠር ነው የመጡት። እምቢ ማለት አይቻልም። አንድ ጊዜ እምቢ ብዬ ሞክሬ ነበር፤ አለቀሱ። ከዚያ ሚስቴ አለቀሰች። ከዚያ በላሁ።»

ቪሳሪዮን ሉኪች ይህን ሲሰማ ሪማን ለብቻዋ ጠራት። «ሂጂና አነጋግሪያት። ሴት ለሴት ትግባባላችሁ።»

«እኔ ከሰው ጋር መግባባት አልችልበትም፤ ያውቃሉ።»

«እንግዲያው በኪሎ አነጋግሪያት።»

ሪማ ወደ ሮዲዮን ቤት ሄደች። በሩን የከፈቱላት ሻሽ ያሰሩ፣ አጠር ደልደል ያሉ፣ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ዱቄት የሆነ አሮጊት ናቸው። ሰባ ስምንት ኪሎ፣ ብላ አሰበች ሪማ።

«ማነሽ አንቺ?»

«ሪማ አርካድዬቭና እባላለሁ። ከአማችዎ መሥሪያ ቤት ነኝ።»

«ሞተ እንዴ?»

«ኧረ አልሞተም!»

«እንግዲያው ግቢ። ጫማሽን አውልቂ፤ ወለሉን አሁን ነው ያጠብኩት።»

እንዲህ ሆነ ትውውቃቸው ከግላፊራ ፕሮኮፍዬቭና ጋር። ሪማ ገና ወንበር ሳትይዝ ጎመን የተሞላ ትኩስ ዳቦ ፊቷ ቀረበ፤ ከጎኑ ቅቤ፤ ከቅቤው ጎን ቅባቱ ያልወጣ እርጎ።

«ብዪ። ምንድነው እንዲህ ያከሳሽ? ባል የለሽም?»

«ሄደ።»

«አይፈረድበትም። ሰው ስንት ዘመን አጥንት ያቅፋል?»

ሪማ ከዳቦው ቆረሰች፤ ለመቅመስ ብላ ነበር፤ ሳታውቀው ጨረሰችው። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ የመጣችበትን አነሳች። «ግላፊራ ፕሮኮፍዬቭና፣ ሮዲዮን አንድ ኪሎ በጨመረ ቁጥር እኔ ከጭነቱ ላይ አንድ ኪሎ አወርዳለሁ።»

«አውርጂያ።»

«የማወርደው የሰው ምግብ ነው።»

«የማን ሰው?»

«እላይ ሁለት ሰዎች አሉ። ግማሽ ዓመት ሆናቸው፤ ምግባቸውን ከቱቦ እየጨመቁ ነው የሚበሉት።»

«ከምን?»

«ከቱቦ። እንደ ጥርስ ሳሙና።»

አሮጊቷ በዱቄት እጃቸው ደረታቸውን ያዙ። «እናት የላቸውም?»

«አላቸው። ግን እዚያ ድረስ…»

«ምን አማራቸው? አልጠየቃችኋቸውም?»

«ጠይቀናል። በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር ነው ያሉት።»

ግላፊራ ፕሮኮፍዬቭና ተነስተው ወደ ሰገነቱ ወጡ። ከባቡር ጭነት ክፍል ጋር ተጣልተው ከአገር ቤት ያመጡት በርሜል እዚያ ተቀምጧል። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተመልሰው አንድ ኪያር በሳህን አቀረቡላት። ሪማ ነከሰች። እንስላሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ የጥቁር ዘቢብ ቅጠሉ፣ ሁሉም በአንድ ላይ አፏ ውስጥ ተነሱ። ሪማ በዕድሜዋ ብዙ ነገር መዝናለች፤ ይህን ግን በምን እንደምትመዝነው ጨነቃት።

የዚህን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣላት፤ በኋላ ራሷን የረገመችበት ሐሳብ። «እንስማማ» አለች። «ከሮዲዮን ላይ ለሚጎድለው ለእያንዳንዱ ኪሎ፣ ከእርስዎ በርሜል አንድ ኪሎ ኪያር ወደ ሰማይ እጭናለሁ።»

«የኔ ኪያር? ሰማይ?»

«የእርስዎ ኪያር።»

አሮጊቷ ጥቂት አሰቡ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር በራ። «ይህን ቶፊልያ ብትሰማ…» አሉ። ቶፊልያ የምትባለው በሠፈራቸው ኪያር በመዘፍዘፍ የምትፎካከራቸው ጎረቤት መሆኗን ሪማ ያወቀችው ዘግይታ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲያ ሮዲዮን ቤት ውስጥ የነበረው ጸጋ ጠፋ። ቅቤው ተቆለፈ። ጠዋት ጨው የሌለው ገንፎ፣ ማታ ትዝታ። ግላፊራ ፕሮኮፍዬቭና አማቻቸውን አሳንሰር ከለከሉት፤ ደረጃውን እየወጣ እንዲወርድ፣ ለሕንጻው አሮጊቶች ሁሉ ዕቃ እንዲሸከም አደረጉት። አልፈው ተርፈው ከጫካው ጠባቂ ጋር ተነጋግረው እንጨት አስፈለጡት። በየማለዳው የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ አቁመው መነጽራቸውን ሰክተው ያዩና፣ «ጎበዝ! ዛሬ ሁለት ጠርሙስ ኪያር አተረፍክልኝ» ይሉታል።

ሮዲዮን ሪማን ኮሪደር ላይ ጠብቆ ያዛት። «ምን አድርጌዎት ነው፣ ሪማ አርካድዬቭና?»

«ምን ሆንክ?»

«ትናንት ማታ ሚስቴ ከጎረቤት የተጠበሰ ድንች ደብቃ አመጣችልኝ። አማቴ ያዙን። በኮቷ ኪስ ውስጥ ነው ያገኙት። ሰው በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ይፈተሻል?»

ሪማ ሳቋን ዋጠች። ሥራዋ ስለበዛባት በቅርብ አልተከታተለችውም፤ ቀለለ ሲሏት ደስ ብሏት ኪያር ጨመረች። ጥፋቷ ይህ ነው። ለክብደቱ ጣሪያ እንጂ ወለል አላበጀችለትም። ሮዲዮን ሦስቱን ኪሎ ከጣለ በኋላ አሮጊቷ አላቆሙም፤ ለምን ያቆማሉ? ሰባት ኪሎ ጣለ። በውሉ መሠረት ሰባት ኪሎ ኪያር መንገደኛ ሆነ።

ጉዱ የፈላው የወንበር ልክ ዕለት ነው። መንኮራኩሯ ውስጥ እያንዳንዱ ጠፈርተኛ የራሱ መቀመጫ አለው፤ ጄሶ ውስጥ ተኝቶ ከገዛ ጀርባው የተቀዳ። ልክክ ካላለ፣ ሲመለሱ መሬት ሲመታቸው ወገብ ይሰበራል። ሮዲዮን ልብሱን ለብሶ ገብቶ ተኛ። ዶክተር ዛካር ኢሊች ትከሻውን ይዘው ወዘወዙት። እንደገና ወዘወዙት።

«ቅል ውስጥ እንዳለ ጠጠር ይንኳኳል» አሉ። «በዚህ አኳኋን አልፈቅድም።»

አዲስ መቀመጫ ለመሥራት ጊዜ የለም። ቪሳሪዮን ሉኪች ሪማን ሲጠራት ድምፁ በሦስት ግድግዳ አለፈ። «ጠፈርተኛዬን የት አደረሽው? ከውፍረቱ ገላግይኝ አልኩሽ እንጂ ጨርሰሽ አጥፊልኝ አልኩሽ?»

«እመልሰዋለሁ።»

«አራት ኪሎ ሥጋ ከየት ታመጫለሽ?»

«አማቱ አሉ።»

አሮጊቷ ማብላቱን በአንድ ቃል እሺ አሉ፤ እንዲያውም ምጣዱን ወዲያው ጣዱ። «ኪያሩን ግን አትንኪብኝ። ሰባት ኪሎ ነው ያልሽኝ፤ ቃል ቃል ነው። ለሠፈሩ ደውዬ ተናግሬያለሁ። የእርሻ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በስብሰባ ላይ አንስቶታል። ቶፊልያ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤቷ አልወጣችም። አሁን አራቱ ቀረ ልበላት?»

ሪማ ወደ ቢሮው ተመልሳ ብትደምር፣ ብትቀንስ ጭነቱ እምቢ አለ። ሮዲዮን ከወፈረ ኪያሩ ይቀንሳል፤ ኪያሩ ከሄደ ሮዲዮን ይንኳኳል። የምትይዘው የምትጨብጠው አጣች።

በዚህ መሀል ሌላ ነገር ተነሣ። ወደ ጣቢያው የሚሄድ ምግብ ሁሉ በሽታ እንዳይኖርበት መመርመር አለበት። ዶክተር ዛካር ኢሊች ያሉበት ኮሚሲዮን ተሰየመ፤ ቪሳሪዮን ሉኪችም ሰብሳቢ ነኝ ብሎ ገባ። የመጀመሪያው ጠርሙስ ለናሙና ሄደ። ማግስቱን ናሙናው አልበቃም ተባለ። ሁለተኛው ሄደ። ከዚያ የንጽጽር ናሙና ያስፈልጋል አሉ። ከዚያ ድንች ቀቅለው ወደ ምርመራ ክፍሉ ሲገቡ ታዩ።

ሪማ ነገሩ ወዲያው ገባት። ገብቷትም ዝም አለች። እነሱ እየመረመሩ በሄዱ ቁጥር ጭነቷ እየቀለለ ነው፤ አሮጊቷም ቢቆጡ በሳይንስ ላይ ይቆጣሉ እንጂ በእሷ ላይ ምን ይላሉ? ይህን አስባ ያን ዕለት ሌሊቱን በሰላም ተኛች። ህሊናዋን ግን አልተመቸውም፤ ማግስቱን ግላፊራ ፕሮኮፍዬቭና ለሮዲዮን ከሚልኩት ዳቦ «ያቺ ከሲታ ሴትዮም ትብላ» ብለው ከፍለው ሲልኩላት ሳትቀምሰው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ኮሚሲዮኑ ላይ ያሳበቀው ሮዲዮን ነው። ማታ ሁለተኛ ሳህኑን እየዋጠ፣ «ማማ፣ ዛሬም ናሙና አነሰን ብለው ጠየቁ» አለ። አሮጊቷ ጭልፋቸውን አስቀመጡ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ፣ ያለ ፈቃድ ወፍ እንኳ በማይገባበት መሥሪያ ቤት፣ ግላፊራ ፕሮኮፍዬቭና በዋናው በር ገቡ። ዘበኛውን ወታደር «ልጄ፣ በልተሃል?» ብለው ነው ያለፉት፤ እንቁላል የተሞላ ዳቦ እጁ ላይ ትተውለት፤ እሱም በኋላ ሲጠየቅ «እናቴ መሰሉኝ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። ሪማ ድምፃቸውን ከኮሪደሩ ሰምታ ስትሮጥ ደረሰች። አሮጊቷ የኮሚሲዮኑን በር ወለል አድርገው ከፍተው ቆመዋል። ውስጥ አምስት ምሁራን ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ የሁሉም ጉንጭ አብጧል። የቪሳሪዮን ሉኪች ክራባት ላይ አንድ ቅጠል እንስላል ተጣብቋል።

«ተውሳክ አገኛችሁ?» አሉ ግላፊራ ፕሮኮፍዬቭና።

ዶክተር ዛካር ኢሊች የያዙትን እንደምንም ዋጡ። «እስካሁን… አላገኘንም፣ ወይዘሮ።»

«የምትፈልጉት ሆዳችሁ ውስጥ ነው እንዴ?»

«ጨጓራዎስ፣ ቪሳሪዮን ሉኪች?» አለች ሪማ ሳታስበው፤ ከአፏ አመለጣት።

«ተሽሎኛል» አለ ሰውዬው፤ ራሱ እየገረመው።

አሮጊቷ ወደ ሪማ ዞሩ። «አንቺስ? ታውቂ ነበር?»

ሪማ መዋሸት ይቻላት ነበር። ግን የዱቄት እጃቸውን አየች። «አውቅ ነበር» አለች። «ጭነቱ በልጦብኝ ነው። ሮዲዮን ወደ ክብደቱ ሲመለስ አራት ኪሎ ትርፍ ሆነ። ማውረጃ አጣሁ፤ እነሱ በልተው ያውርዱልኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ዕቃሽን አሳዪኝ» አሉ ግላፊራ ፕሮኮፍዬቭና። «ስንት መንገደኛ ሸኝቻለሁ። ሻንጣ ውስጥ የማያስፈልግ ነገር የማይገኝበት ጊዜ የለም።»

ያን ጊዜ ዓይናቸው ጥግ ላይ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ የቆመው ነገር ላይ ዐረፈ። ሄደው ጨርቁን ገለጡት፤ ሊያነሱት ሞክረው አቃሰቱ። «ይሄስ?»

«የክብር ሰሌዳ ነው፤ ከሚኒስቴር» አለ ቪሳሪዮን ሉኪች ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን ያደርጉበታል?»

«ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል።»

«እዚያ ነገር ሁሉ ይንሳፈፋል አይደል የምትሉት? ይሄን የት ነው የሚሰቅሉት?»

ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አራት ናሙና የበሉ ሰው ናቸውና ውለታው ከብዷቸዋል። «ከሕክምና አንጻር ካየነው፣ ይህን የሚያህል ነሐስ ሲንሳፈፍ ጭንቅላት ቢያገኝ… አይደገፍም።»

ሁሉም ወደ ቪሳሪዮን ሉኪች አየ። ላብ አጠመቀው። ግን ምን ያድርግ? በአሮጊቷ ፊት ሌብነት ላይ ተይዟል። ስልኩን አነሳ፤ ወደ ሚኒስቴር ደወለ፤ ተነሥቶ ቆሞ፣ ክራባቱን አስተካክሎ፣ እየተንተባተበ አስረዳ። ከዚያ አዳመጠ። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። ስልኩን አስቀመጠ።

«ምን አሉ?» አለች ሪማ።

«ነሐስ ያለው ማነው አሉ። እነሱ ጨርቅ ላይ ይጠለፍ ነበር ያሉት። ነሐስ ሆኖ ሲያዩት እኛ የፈለግነው መስሏቸው ዝም ብለዋል።»

ሰሌዳው ምድር ቀረ። አሁንም የቢሮውን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፎ ያገለግላል ይላሉ። ከበርሜሉ ግርጌ የተረፈው ኪያር ተጠርጎ ወጣና ቁጥሩ ሞላ። አንድ ክርክር ብቻ ቀረ፤ ጨው ውሃው። ውሃ እዚያ ኳስ ኳስ እየሆነ ይበተናል፤ ኪያሩ ውሃው ተንጠፍጥፎ በከረጢት ታሽጎ ይሂድ ተባለ። «ያለ ውሃው የሙት ልጅ ነው» አሉ አሮጊቷ፤ ግን ፈቀዱ።

መንኮራኩሯ ከባይኮኑር ሜዳ የተነሣችው ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። ሪማ እዚያ አልነበረችም፤ ሞስኮ አጠገብ ካለው መቆጣጠሪያ አዳራሽ ጥግ ላይ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ተቀምጣለች። ስትነሣም፣ ምህዋር ስትገባም ፊቷ አልተለወጠም። ስትገጥም ብቻ የወንበሩን ክንድ ጨበጠች። ገጠመች። በሩ ተከፈተ፤ ሮዲዮን ክብ በክብ የሆነ ፊቱን ይዞ እየሳቀ ገባ። እቅፍ ሆነ፣ ጭብጨባ ሆነ። ፕላቶንና ኢግናት ግን እንግዶቻቸውን አቀፉ እንጂ እርስ በርስ አልተያዩም።

ሮዲዮን ከረጢቱን ቀደደው።

አዳራሹ ውስጥ ሽታው አይሰማም፤ ግን የሰማ የለም ማለት ይከብዳል። ላይ ያሉት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጊዜ አፍንጫቸውን አነሡ።

«ኢግናት» አለ ፕላቶን።

ምድር ትንፋሹን ዋጠ።

«ምን?»

«ትልቁን ውሰድ።»

«አንተ ውሰደው።»

«ውሰድ ስልህ!»

«አዛዥ አንተ፣ ቀድመህ ንከስ!»

ከዚያ ቀጥሎ በሬዲዮ የተሰማው ጥርስ ኪያር ሲሰብር ነው። አዳራሹ ያን ድምፅ ሰምቶ እንደ ሕፃን ጮኸ። ሪማ ማዳመጫዋን አውልቃ በመሐረቧ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ቪሳሪዮን ሉኪች ሲያያት «ጉንፋን ነው» አለችው። ሁለቱ ሰዎች ታፍኖ የከረመ ወሬያቸውን ጀመሩ፤ ማታ ላይ ምድር ለሥራ ቢጠራቸው ፕላቶን፣ «ምድር፣ ትንሽ ጠብቁ፤ ወሬ ላይ ነን» ብሎ ዘጋባቸው።

ሮዲዮን ከሳምንት በኋላ ወገቡ ሙሉ ሆኖ ሜዳው ላይ ዐረፈ። ሪማ ደግሞ ያልተፈቀደለት ሰው ወደ መሥሪያ ቤት እንዲገባ ምክንያት ሆናለች ተብላ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት፤ ስንቁን በሚገባ ስላቀደች የምስጋና ወረቀትም ተሰጣት። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተለጠፉ። የሚያልፈው ሁሉ የትኛውን ማንበብ እንዳለበት ግራ ይገባዋል።

ግላፊራ ፕሮኮፍዬቭና ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባዶውን በርሜል ባቡሩ ላይ ያሳፈረችላቸው ሪማ ናት። ባቡሩ ሊነቃነቅ ሲል አሮጊቷ በመስኮቱ ብቅ አሉ። «ነሐሴ ላይ ነይ። ሠፈሩ አላምን ብሎኛል፤ አንቺ ራስሽ ተናገሪልኝ።»

ሪማ በሥራ ዘመኗ ዕረፍት ወጥታ አታውቅም። ነሐሴ ላይ ወጣች። በወንዝ ጀልባ ሠፈሩ ስትደርስ የእርሻ ማኅበሩ ሰው በሙሉ አዳራሽ ተሰብስቦ ይጠብቃታል። ስለ ምህዋር አንድ ሰው አልጠየቃትም። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት እዚያ ሽንት ቤት እንዴት ነው የሚለውን ነው፤ ቶፊልያ ደግሞ ከኋላ ተነሥታ፣ «ኪያሩ ጨው አልበዛበትም ወይ? እውነቱን ንገሪን» አለች። ግላፊራ ፕሮኮፍዬቭና ሊመልሱ ሲነሡ ስብሰባው ገበያ ሆነ።

በሩ አጠገብ ኒካኖር የሚባል ንብ አናቢ ቆሞ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ብዙ ዘመኑ ነው፤ ከንቦቹ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙም አያወራም። እሱ ምንም አልጠየቀም። በማግስቱ ጠዋት ግላፊራ ፕሮኮፍዬቭና ላም ሊያልቡ እንደወጡ፣ በሩ ተንኳኳ። ሪማ ከፈተች። ኒካኖር ቆቡን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለ የማር እንጀራ ዘረጋላት።

«ለእርስዎ ነው» አለ። ከዚያ የጎደለ ነገር እንዳለ ተሰማውና ጨመረ፣ «ለሰማይ አይደለም።»

ሪማ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ማሩ በጣቶቿ መሀል እየተንጠባጠበ ቆመች። «ይግቡ፣ ሻይ አለ» አለችው በመጨረሻ፣ ቤቱ የግላፊራ ፕሮኮፍዬቭና መሆኑን ፈጽማ ረስታ።